ሦስት ቋጠሮ ቁርቁራ

ከአንኮበር፣ መስከረም ፳፩ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓ.ም.፣ ዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለወንድሜ ለመሪጌታ ወልደአረጋይ፣ ሐረር። እንደምን ከርመሃል? የአንኮበሩ ሚካኤል ካለህበት አገር ንዳድና ጥይት ይጋርድህ። እኔ አለሁ።

የአክስቴ ልጅ ነህና፣ ከዘመድም እዚያ ማንበብ የምትችለው አንተ ብቻ ነህና ደብዳቤውን ላንተ አደረግሁት። እህቴ ወለተ ሥላሴ ነሐሴ ፲፱ ቀን አርፋለች። ተስቦ ነው። በያዛት በስድስተኛው ቀን ሞተች፤ በዚያው ቀን ተቀበረች። ይህንን የሚጽፍልኝ ደብተራ ገብረ ጻድቅ «እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ እንበል» አለኝ። አልወረደም፤ ተወው አልኩት። ራሴን ተላጭቻለሁ፤ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ ሰው መጥቶ ሄዷል። የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል።

ልጇ ብርሃነሽ እዚያው ካንተ ጎረቤት ናት። ለሷ በወረቀት አልጽፍም፤ መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሽማግሌ ይዘህ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሴቶች አጠገቧ እንዲሆኑ አድርገህ ንገራት። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ።

ሌላም አለ። ብርሃነሽ በነጋዴው በዘይኑልአቢዲን እጅ ለእናቷ የላከችው የጸጉር መታጠቢያ ዱቄት፣ የቁርቁራ ቅጠል ነው ያለችው፣ ደርሷል። ከቀብሩ በኋላ በሰባተኛው ቀን ነው የደረሰው። ምን ላድርገው? ጻፍልኝ።

እናናየሁ ነኝ።


ከሐረር፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ እናናየሁ። የሐዘንተኞች አምላክ መጽናናትን ያድልዎ፤ የእህታችንን የወለተ ሥላሴን ነፍስ ከአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ብቻዬን ሄጄ ከግንቡ ሥር ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ልጅ ሳለሁ ከቄስ ትምህርት ቤት ተርቤ ስመለስ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትጠብቀኝ እሷ ነበረች።

ለብርሃነሽ ግን አልነገርኳትም። እንዳይቆጡኝ ምክንያቱን ልንገርዎ። ነጋዴ መግባቱን ሰምታ ከእኔ ቀድማ ደጃፌ ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ አንብብልኝ» አለችኝ። ሆዷ ስድስት ወር ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እንዳስወረዳት ያውቃሉ። ወረቀቱን ገለጥኩና ከላይ እስከ ታች በዓይኔ አለፍኩበት፤ ከዚያም «እናትሽ ደኅና ናት፤ ዱቄቱ ደርሷታል፤ መርቃሻለች» አልኳት። አፌ ነው የተናገረው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ማታ ለባሏ ለደምመላሽ ስነግረው «እስክትወልድ አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል» አለ። አዋላጇም ይህንኑ አለች። ስትወልድ እነግራታለሁ፤ ቃሌ ነው።

እሷማ ደስ ብሏት ሁለተኛ ቋጠሮ አዘጋጀች። ሥራውን ያስተማረቻት አሲያ የምትባል የሐረር ሴት ናት፣ ጎረቤቷ። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፤ ፀሐይ ከመታው አረፋ አይሰጥም ይላሉ። ከዚያ ይወቅጡትና በስስ ጨርቅ ይነፉታል። እኔ በጎን ስቀመጥ ያስነጥሰኛል፤ እነሱ ይሥቁብኛል። ለእናቷ እንድጽፍ ያዘዘችኝን ቃል በቃል ይኸው፦

«እማዬ፣ ቅቤውን ለሦስት ሳምንት ተዪው። በቅቤ ላይ ቅቤ እየደረብሽ ነው ራስሽን የሚያሳክክሽ። ሁለት እፍኝ ዱቄት በገበቴ አድርጊና ለብ ያለ ውኃ ጨምሪበት፤ አረፋ እስኪያወጣ በእጅሽ ምቺው። ሹሩባሽን ፈትተሽ ከሥሩ እሺው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሁን፣ እኔ ሳለሁ እንደማጥብሽ። ውኃውን አክስቴ ታፍስስልሽ። ብቻሽን ጎንበስ አትበይ፣ ያዞርሻል።»

ለማን እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ጻፍኩት። ያዘዘችኝ እሷ ናትና።

ወልደአረጋይ።


ከአንኮበር፣ ጥር ፲፯ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለመሪጌታ ወልደአረጋይ። እንደምን አለህ? ነፍሰ ጡሯ እንደምን አለች? ማርያም በሰላም ታገላግላት።

እስክትወልድ ይሁን ካላችሁ ይሁን። ሁለት ጊዜ እንደተጎዳች አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቷ ስታለቅስ አብሬ ነበርኩ። ግን ውሸት ካበዛህ የጀመርክበትን ትረሳዋለህ። ምን ምን እንዳልካት ጻፍልኝ፤ ከአንኮበር ሰው ወርዶ ሌላ ነገር እንዳይነግራት እኔም ልወቀው።

ሁለተኛው ቋጠሮ ደርሷል። ከመጀመሪያው ጋር ቆጡ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ገብረ ጻድቅ «ጥሩ ነገር ይመስላል፤ ከሚበላሽ ለምን አንታጠብበትም?» አለኝ። እሱ መላጣ ነው። እኔም ብሆን ተላጭቻለሁ፤ ጸጉር ቢኖረኝም የሰው ንብረት አልነካም።

ሹሩባዋን ስለ መፍታት ብርሃነሽ ያለችውን ቦታ ገብረ ጻድቅ ሁለት ጊዜ እንዲያነብልኝ አድርጌአለሁ።

ብርዱ ዘንድሮ ክፉ ነው። ገብሱን ውርጭ መትቶታል። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ከዚያ ምንም አልፈልግም፤ ምንም አትላኩልኝ።

እናናየሁ።


ከሐረር፣ ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ እናናየሁ። ለዓለም ሁሉ ብርሃን የሰጠ ጌታ ደጅዎን ይጎብኝ። እንኳን ደስ ያለዎት። ብርሃነሽ የካቲት ፳፫ ቀን ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ልጅቱ ደኅና ናት፤ ድምጿ ከእኔ ይበልጣል፤ እኔ ደግሞ በድምፄ ነው የምኖረው። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። በአራስነቷ መርዶ አይነገርምና ከክርስትናው በኋላ እነግራታለሁ።

የነገርኳትን ጻፍልኝ ብለውኝ ነበር። እናትሽ ራሷን ታጠበችበት፤ ማሳከኩ ቀነሰላት፤ ቅቤውን ግን መተው አቃታት አልኳት። ሣቀች። «እሷ ቅቤ ከምትተው ሞት ይቀላታል» አለች።

ባለፈው ደብዳቤዎን ሳነብላት ዓይኔን ዓይኔን ታየኝ ነበር። «ጋሼ፣ የአክስቴን ቃል ስታነብ ዓይንህ በወረቀቱ ላይ ይሄዳል፤ የእናቴን ሰላምታ ስታነብ ግን ዓይንህ ይቆማል» አለችኝ። ጽሕፈቱ ስለደበዘዘ ነው አልኳት።

አሁን ሁለት ነገር ትጠይቃለች። አንደኛው ለልጅቱ አናት የሚሆን የአንኮበር ለጋ ቅቤ ነው፤ የዚህ አገሩ ጠረኑ አልጣማትም። ሁለተኛው ይከብዳል። አሲያ «የእናትሽን ጸጉር ሳላየው ዱቄቱ ላይ አብሽ ይጨመር አይጨመር ማለት አልችልም» ስላለቻት፣ እናቷ ስታበጥር የሚነቀለውን ጸጉር ላኩልኝ ትላለች። ክፉ ሰው እንዳያገኘው በጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩት ብላለች። ምን ብዬ እንቢ ልበላት? እርስዎ ብልህ ነዎት፤ አንድ ነገር አያጡም።

ሦስተኛው ቋጠሮ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው።

ወልደአረጋይ።


ከአንኮበር፣ ሰኔ ፱ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለመሪጌታ ወልደአረጋይ። እንደምን አለህ? አራሷ እንደምን ተነሥታለች? ልጅቱን እግዚአብሔር ያሳድግልን፤ በእድሜዋ ጥጋብ ያሳያት።

ቅቤ የለም። ለአንድ ጣት የሚሆን እንኳ የለም። ከብቱ ሁሉ አለቀ። ከቆላው የመጣ በሽታ ነው ይላሉ፤ ዓይናቸው እያነባ፣ ልሃጫቸው እየተዝረበረበ በሦስት ቀን ይወድቃሉ። የኔዎቹ አራቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሄዱ፤ ጥጃዋ የመጨረሻ ነበረች። የሚጎትታቸው ሰው ስላጣሁ ከበሩ ፊት ናቸው። አሁን ሽታው አይሰማኝም። እነዋሪና ለሚም እንደዚሁ ነው፤ ከገበያ የመጣ ሰው ነገረኝ። የሚያርስ በሬ ከሌለ በመኸር ምን እንደሚበላ አላውቅም። ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ አይወራም።

ጸጉሩን በተመለከተ። በመጀመሪያ ተናድጄብሃለሁ። ክርስትናው አልፏል፤ ዛሬ ሰኔ ነው፤ ነግረሃታል ወይስ አልነገርካትም? ነግረሃት ከሆነ ይህንን ቋጠሮ ጣለው። አልነገርካት ከሆነ የላክሁልህ ይኸው ነው።

የራሴን እንዳልልክ ገና ጣት አይሞላም። ሠፈሩን ዞርኩ። በሰለች ባሏ ሞቶባት ተላጭታለች። ወርቅአገኘሁ ልጆቿን ቀብራ ተላጭታለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያሉት ሦስቱ ቤቶች እንደዚያው ናቸው። አንድ ጸጉር ያላት ሴት አጣሁ። ይህንን ሳይ ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን የሄድኩበት እንዳይቀር ብቻ ነበር የማስበው። አልዩ አምባ ወረድኩ። የዘይኑልአቢዲንን ሚስት ኩብራን ታውቃታለህ። እነሱ ለሐዘን አይላጩም። የሷም ሸብቷል፤ ርዝመቱም የወለተ ሥላሴን ያህላል። ነገሩን ስነግራት ከማበጠሪያዋ ላይ ነቅላ አንድ እፍኝ ሰጠችኝ፤ አልጠየቀችኝም፣ አልተሳቀቀችም። ጫፉ ቀላ ያለ ነው። ቁርቁራው ነው ያቀላው በላት።

ኩብራ ስለ ቅጠሉ ስታወራ «እኛ ሰው ሲሞትም የምናጥበው በዚሁ ነው፤ አላህ ይዘንላት፣ ለእህትሽ ቢደርስላት ኖሮ» አለችኝ። ዳገቱን ወጣሁ።

ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም። ንገራት።

እናናየሁ።


ከሐረር፣ መስከረም ፬ ቀን ፲፰፻፹፪ ዓ.ም.፣ ዘመነ ማርቆስ

ለተከበሩ ለእትዬ እናናየሁ። ዘመን የሚያሻግር አምላክ ይህንንም ዓመት ያሻግርዎ። ስለ ከብቱ ሰምቻለሁ። እዚህም ገብቷል።

ከክርስትናው በኋላ አልነገርኳትም ነበር። ደምመላሽ ዘመቻ ወርዷል፤ ልጅቱ ታምማ ነበር፤ እያልኩ ብዙ ልጽፍልዎ እችላለሁ። እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሙሾ በሚወርድበት፣ ፍትሐት በሚደረስበት የኖርኩ ሰው ለአንዲት ሴት ልጅ አንድ ቃል መናገር አቃተኝ።

ቋጠሮዎ የደረሰው ነሐሴ ፳፪ ነው። ሳነብላት የተቋጠረውን ከእጄ ወሰደችና ፈታችው። በጣቷ ስታሻሸው ቆየች። ከዚያ አሲያን ጠርታ «እስቲ በዱቄቱ እንጠበውና ምን እንደሚል እንየው» አለች። በገበቴ ለብ ያለ ውኃ አደረጉ፤ ዱቄቱን መቱት፤ ጸጉሩን ነከሩት። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ውኃው ቀላ።

አሲያ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄማ ሂና ነው። እናትሽ ሂና ትቀባለች?» አለቻት።

«የኔ እናት ከቅቤ በቀር አትቀባም» አለች ብርሃነሽ።

ጸጉሩን አጠበችው፤ በጨርቅ አደረቀችው፤ መልሳ ቋጠረችው። «ጋሼ፣ ይህንን ለባለቤቲቱ መልስላት» ብላ ሰጠችኝ። እኔን አላየችኝም። ልጇን ልታጠባ ገባች።

ያን ሌሊት ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሁለት ቄሶችና ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ሄድን። በሩ ክፍት ነበር። ብርሃነሽ ተላጭታ፣ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። «ግቡ» አለች። «አውቄያለሁ።»

ሁላችንም ቆመን ቀረን። ሴቶቹ ለማልቀስ መጥተው ነበር፤ የሚጀምር ጠፋ።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«በነሐሴ።»

«በዚህ ነሐሴ?»

«በአምናው» አልኳት።

በጣቶቿ ቆጠረች። «እንግዲያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቋጠሮ ስወቅጥ አልነበረችም» አለች። የመጀመሪያውም ሲደርስ ተቀብራ ነበር አልኳት፤ ከእንግዲህ ምንም እንዳልደብቃት ብዬ። ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። እስከ ዛሬም አላለቀሰችም፤ ሰዎቹ ይህንን ይፈራሉ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ቋጠሮ አለ። ትንሹ የኩብራ ነው። ትልቁ የብርሃነሽ የራሷ ጸጉር ነው፤ ሹሩባው እንደተሠራ ነው የቆረጠችው። እኔን አልወቀሰችኝም፣ እርስዎንም አልወቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ አለች፦

«የእናቴን ራስ ማን አጠበው?»

ወልደአረጋይ።


ከአንኮበር፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፰፻፹፪ ዓ.ም.

ወንድሜ ወልደአረጋይ፣ ይህ ደብዳቤ ያንተ አይደለም፣ የብርሃነሽ ነው። እንዳለ አንብብላት። ዓይንህ ከመስመሩ አይነሣ።

ልጄ ብርሃነሽ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። ጎንበስ ቀና ብላ ያሳደገችሽን የእናትሽን ነፍስ ይማር። መልስ ያዘገየሁት ነጋዴ ስለጠፋ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚበላ የለም። እኔም የምለውን እያሰብኩ ነበር።

የእናትሽን ራስ ማንም አላጠበውም።

ተስቦ ስለሆነ የሚያጥባትና የሚገንዛት አጣሁ። ሰው ከበር ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ይመለሳል። ገላዋን ብቻዬን አጠብኩት፤ ከአንገቷ በታች። ከዚያ ሹሩባዋን ልፈታ እጄን ሰደድኩ። ሕመሙ በጸጉር ይጋባል ሲሉ ሰምቼ ነበር። እጄን መለስኩት። እንደተሠራች፣ ሻሿን አስሬ፣ በነጠላዋ ጠቀለልኳት። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ፈራሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ አቅፋኝ የምታድር እህቴን ራሷን ለመንካት ፈራሁ።

በሰባተኛው ቀን ያንቺ ዱቄት ደረሰ። ሁለተኛው ሲመጣ «ሹሩባሽን ፈትተሽ ከሥሩ እሺው» ብለሽ ነበር። ሦስቱንም ቋጠሮ ቆጡ ላይ ደርድሬ ዓመት ሙሉ ከሥራቸው ተኛሁ። የተጣላሁት ከማን ጋር እንደሆነ ሳላውቀው የሰው ለቅሶ ላይ እየሄድኩ ደርቄ ተመለስኩ። ሰው ጠንካራ ናት ይለኛል። ይህንን ላንተም ለሌላም ነግሬ አላውቅም፣ ወልደአረጋይ። ገብረ ጻድቅም አሁን ሲጽፈው ነው የሰማው፤ ብዕሩን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጻፍ አልኩት።

የኩብራን ጸጉር ወርጄ መልሼላታለሁ። ስለ ሂናው ነገርኳት። «እኔን ይብላኝ፤ ለምዶብኝ አላስተዋልኩትም» ብላ አዘነች፤ አንድ ቁና ማሽላም ሰጠችኝ። እሱን እየበላሁ ነው።

ያንቺ ጸጉር ደርሶኛል። እናትሽ ስትሠራልሽ ያየሁት ጸጉር ነው፤ በመዳፌ ሳስቀምጠው የማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት፤ የሷና ያንቺ አንድ ነው። አንቺም የኩብራን ስታሻሺው በውኃ ሳይነከር በፊት አውቀሽዋል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያውን ቋጠሮ ከቆጡ አወረድኩ። ሁለት እፍኝ በገበቴ አደረግሁ። ውኃውን ለብ አደረግሁት፤ አረፋ እስኪያወጣ በእጄ መታሁት። ዓመት ተቀምጦም አረፋውን አልከለከለም። ሹሩባሽን አንድ በአንድ ፈታሁት፤ አልቸኮልኩም። ከሥሩ አሸሁት። በሰለች ውኃ አፈሰሰችልኝ። ስትልኪው አጥበሽ እንደላክሽው አይቻለሁ፤ ይህኛው ግን የሷ ድርሻ ነው። ውኃው ቀለም አልነበረውም፤ ጠርቶ ወጣ።

ትናንት ሚካኤል ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የእናትሽን መቃብር ራስጌውን በእጄ ቆፈርኩና ጸጉርሽን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልዬ አኖርኩት። አፈሩን ስመልስ ይቅር በይኝ አልኳት። ላንቺም እንደዚያው እላለሁ፤ ይቅር በይኝ። ሁለቱ ቋጠሮዎች ቀርተዋል። እኔና በሰለች ጸጉራችን ሲያድግ እንታጠብበታለን፤ ቅቤ እንደሆነ የለም።

ገብረ ጻድቅ ደብዳቤው ከማለቁ በፊት ያችን ቃሉን አነሣ፤ እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ እንበል ወይ አለኝ። ጎርፉን ተወውና እንባውን ጻፍ አልኩት።

አክስትሽ እናናየሁ።